የአባት መጥፋት ማረጋገጫ

መጋቢት 12

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ባሕር ማዶ ድረስ ይድረስልኝ። ጤና፣ ሥራ፣ እንቅልፍ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። እህትዎ፣ እናቴ ማለቴ ነው፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር እየተጣላችም እየታረቀችም አለች። መኪናዋ ወደ ኋላ መስፋት ትታለች፤ እናቴ ደግሞ «ወደ ፊት ከሄደች መች አነሰኝ» ትላለች።

በስልክ የማይነገር ጉዳይ ስላለኝ ነው የምጽፍልዎ። እርስዎ ሲደውሉ እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ልብስ ሊያስለኩ የመጡት ሁሉ በየተራ ሰላም ይሉዎታል፤ እኔ ጋ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል።

ወሬው እነሆ፦ ፈተናውን አልፌያለሁ። ያውም በጥሩ ውጤት፤ ትሕትናውን ሌላ ቀን አሳያለሁ። ኮሌጁ የመሬት ቅየሳ ትምህርት ክፍል ተቀብሎኛል። በሦስት እግር ላይ በቆመ መሣሪያ እያጮለቁ ሜዳውንና ዳገቱን የሚለኩት ሰዎች፣ እነሱን ልሆን ነው። «ፌንጣ» ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ቁጭ ማለት ለማይሆንለት ሰው ከዚህ የሚሻል ሥራ አለ?

ክፍያውን ግን አንችለውም። ኮሌጁ ለማይችል ሰው ድጋፍ ይሰጣል፤ ድጋፉን ለማግኘት አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። አሥራ አንዱን ሞልቻለሁ። የቀረኝ አራተኛው ገጽ ነው። «የአባት የሥራ መደብና ገቢ፤ ከአሠሪው የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት፣ ዋናው ደብዳቤ» ይላል።

አባቴ እኔ ሳልወለድ እንደሞተ እኛ እናውቃለን፤ ወረቀቱ ግን አያውቅም። አንደኛ ክፍል የተመዘገብኩበት ቀን ትዝ ይልዎታል? የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። መዝጋቢው «አባት ካልቀረበ አልጽፍም» ሲል፣ እጄን ይዘው የቆሙት እርስዎ «አባቷ እኔ ነኝ፤ ጻፍ!» አሉት። ከዚያ ወዲህ የምጠራው በእርስዎ ስም ነው፤ በምስክር ወረቀቶቼ ሁሉ አባቴ እርስዎ ነዎት። እንዴት እንደሚስተካከል ጠየቅሁ፤ ፍርድ ቤት ነው አሉኝ፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ዓመት ይፈጃል። ቅጹ የሚገባው እስከ ግንቦት 30 ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ የምለምንዎት ገንዘብ ሳይሆን አንድ ወረቀት ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ ሥራዎንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ይላኩልኝ።

ክፉ አይንካዎ።
ፌንጣ

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ ልዘርዝር ብል ቀለሙም ወረቀቱም አይበቃኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እነሱም እጅግ ተደንቀው አጨበጨቡልሽ።

ቅየሳ መልካም ሙያ ነው፤ ፀሐዩን ግን ተጠንቀቂ። ዳገት ለሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እግሩ ነውና ጠንካራ ጫማ ገዝቼ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ለእናትሽም መቀስ አለበት።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሆኖም እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚፈርመው ኃላፊያችን ለጊዜው ዕረፍት ላይ ነው። እዚህ ሥራ በሥርዓት ነው የሚሄደው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? ረጋ በይ። በነገራችን ላይ፣ «የሥራ መደብ» የሚለውን መሙላት የግድ ነው እንዴ? ገቢውን ብቻ ቢጽፉትስ? እስቲ ጠይቂልኝ።

በርቺ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ።
አጎትሽ

ሚያዝያ 20

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታዬ እንደ ችኮላዬ ሳይሆን እንደ ፍቅሬ ይብዛልዎ።

ጫማው ደርሶኛል፤ ልክክ ብሏል። እናቴ «ለምዝገባው ቀን ነው» ብላ ወደ ካርቶኑ መለሰችው። እሷ ገበያ ስትሄድ አውጥቼ ቤት ውስጥ እዞርበታለሁ።

የጠየቁኝን ጠየቅሁ። የሥራ መደብ የግድ ነው። የነገረችኝ የድጋፍ ክፍሏ ኃላፊ ናት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ተሰላፊው ሁሉ «ወይዘሮ ይጎድላል» ነው የሚላት። ፋይሉን ትቀበላለች፣ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ትገልጣለች፣ «ይጎድላል» ትላለች፣ ትመልሳለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ስትመልስልኝ ቀና ብላ ያየችኝ ጊዜ ዓይኗ ከእኔ ይበልጥ የደከመ መሰለኝ።

የሰልፉ ነገር ግን እያስጨነቀኝ ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባ ያህል ነበርን። በሁለተኛው አርባ ሆንን፤ አሁን ወንበሩ በቂ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ሰው ጉዳዩ እያለቀለት እየሄደ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ እየተወው ነው። የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ልጅ ያስታውሷታል? በየዓመቱ አንደኛ የምትወጣው። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አባቷ «የእኔን ገቢ ማንም አያውቅም፣ አንቺም ጭምር» አላት። አሁን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሒሳብ ትቀበላለች። ትናንት ዳቦ ልገዛ ስሄድ «ቅጹ አለቀልሽ?» አለችኝ። «ትንሽ ቀርቶኛል» አልኳት። መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። እኔ በምንም አልበልጣትም ጋሼ፤ የምበልጣት እርስዎ ስላሉኝ ብቻ ነው።

ኃላፊዎ ከዕረፍት አልተመለሱም? ሰውየው ምን ያህል ቢደክማቸው ነው?

ፌንጣ

ግንቦት 3

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይለይ። ሰሞኑን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስሮጥ መልስ ዘገየሁብሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤ ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ።

ቅጹን ተዪው። እኔ ቆሜ እየሄድኩ የእኛ ልጅ የችግረኛ ቅጽ ታቅፋ ኮሪደር ላይ አትንገላታም። የአራቱንም ዓመት ክፍያ እኔ እችላለሁ። የመጀመሪያውን ነሐሴ ላይ እልካለሁ። ለእናትሽም በስልክ አብስሬያታለሁ፤ እልልታዋን እኔም ሰምቻለሁ፣ ልብስ ሊያስለኩ የመጡትም ሰምተዋል። ያቺ ሴትዮ ደግማ «ይጎድላል» ብትልሽ፣ «እኛ ቤት የሚጎድል የለም» ብለሽ ፋይልሽን ተቀበያት።

በሚቀጥሉት ቀናት ሥራ ስለሚበዛብኝ ስልክ ባላነሳ እንዳትደነግጡ።

አጎትሽ

ግንቦት 14

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን እንደ ሰላምታ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ይቁጠሩልኝ። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም።

እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አጎት ይባረክ» ይለኛል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ። ግን ቢቆጡኝም ባይቆጡኝም የልቤን ልናገር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብኛል። ለመኪናዋ መለዋወጫ አምና እልካለሁ ብለው ነበር፤ መኪናዋ ዛሬም ወደ ኋላ አትሰፋም። ልወቅስዎ አይደለም። ነሐሴ ላይ ገንዘቡ ቢቀር የምሄድበት የለኝም፤ ቅጹ ግን ግንቦት ላይ ይዘጋል። ልቤ በሁለት እግሩ መቆም አቃተው። ሱሪ እያሳጠርኩ ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁት፤ እናቴ ደሙ የሰው ልብስ እንዳይነካ ብላ ከሥራው አባረረችኝ።

ትናንት ወይዘሮ ይጎድላል ዘንድ ቀርቤ እውነቱን ነገርኳት፦ አባት የተባሉት አጎቴ ናቸው፣ ውጭ አገር ናቸው፣ ወረቀቱ አልመጣም አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። «የእኔ ልጅ፣ ይሄ ቅጽ ሦስት ዓይነት አባት ነው የሚያውቀው» አለችኝ። «ገቢ ያለው፣ የሞተና የጠፋ። ያንቺ የትኛው ነው?» ለጠፋ የሚያስፈልገው ከሰፈሩ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። ሦስት ሰዎች «ከአምስት ዓመት ወዲህ ወሬውን ሰምተን አናውቅም» ብለው ይፈርማሉ።

ጋሼ፣ ይህን ማድረግ አልፈልግም። እናቴ ስትሰማ መቀሷን ወርውራ ነው የተነሳችው፤ «በቁም ወንድሜን?» እያለች። ወረቀቱን ይላኩት። ሥራዎ ምንም ይሁን፣ ደመወዝዎ ምንም ይሁን፣ ይላኩት። እስከ 28 ካልደረሰ፣ ቢያንስ ይደውሉና «መንገድ ላይ ነው» ይበሉኝ። ወይዘሮ ይጎድላል ያንን ብነግራት ቦታዬን ትይዝልኛለች።

ፌንጣ

ግንቦት 29

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ አልቀናኝም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከስልኩ አጠገብ ዋልን። እናቴ ደንበኞቿን «ነገ ኑ» እያለች መለሰች። አልደወሉም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ምስክሮቹ እናቴ፣ ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪውና አዲስ የገባው የፎቶ ኮፒ ቤት ሰውዬ ናቸው። የፎቶ ኮፒው ሰውዬ እርስዎን አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ከልቡ ነው የመሰከረው። ሰዓት ሠሪው ስሙን ከፈረመ በኋላ «ይቅር በለኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ለእርስዎ ይሁን ለፈጣሪ አላወቅሁም። እናቴ ብዕሩን ይዛ ብዙ ቆየች። ጸሐፊው «የልጅቷ አባት ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ ነው?» ሲላት ማልቀስ ጀመረች። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላየችዎትማ። ጸሐፊው አዝኖ ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም፤ ማኅተሙን ቶሎ መታው።

እኔ እርስዎ የላኩልኝን ጫማ አድርጌ ነበር። ሌላ ደህና ጫማ የለኝም።

ወይዘሮ ይጎድላል አሥራ ሁለቱንም ገጽ ገለጠች። «ተሟልቷል» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንደጠበቅሁት ደስ አላለኝም።

ፌንጣ

ግንቦት 24 የተጻፈ፣ ሰኔ 7 የደረሰ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። መጀመሪያ እሱን አውጥተሽ ቅጽሽ ውስጥ አኑሪው፣ ከዚያ ይህን አንብቢ።

ወረቀቱ ላይ «የሥራ መደብ፦ የአንሶላ አጣቢና አጣጣፊ» ይላል። ትክክል ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ከመሬት በታች ሁለት ፎቅ ወርደሽ፣ ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ትኩስ አንሶላ ይወጣል፤ እኔና አንዲት ሴት አራቱን ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። ከሄድኩበት ዓመት ጀምሮ ሥራዬ ይህ ነው። ስብሰባ የሚባል ገብቼ አላውቅም። «ቢሮዬ ነው» ብዬ የላክሁላችሁ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ጠረጴዛ የእንግዳ ተቀባዩ ነው። ከረባቱም አንድ እንግዳ ለእጥበት የሰጠው ነበር፤ አሥር ደቂቃ ያህል አንገቴ ላይ አስሬ መለስኩት። ከጥር ወዲህ ወገቤ እምቢ ስላለ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚያሠሩኝ። የአራት ዓመት ክፍያ እችላለሁ ያልኩሽ በዚህ ወገቤ ነው።

ዕረፍት ላይ ነው ያልኩሽ ኃላፊም ወንድ አይደለም፣ ሴት ናት፤ ዕረፍት ወጥታም አታውቅም። ደብዳቤውን ዛሬ ብጠይቃት ቆማ በአምስት ደቂቃ ጽፋ ሰጠችኝ። ለአምስት ደቂቃ ወረቀት ሁለት ወር አስጠበቅሁሽ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደኝ። ስልክሽን ያላነሳሁት ድምፅሽን እየሰማሁ መዋሸት ስላቃተኝ ነው። ዛሬም «ወረቀቱ መንገድ ላይ ነው» ልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። «ሥራህ ምን ሆነና ነው የዘገየው?» ብትለኝ እናትሽ፣ ያ ሁሉ ሰው ጠረጴዛውን ከቦ እየሰማ ምን ልላት ነው? መልሼ ዘጋሁት። የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ በአራት ቀን እደርሳለሁ ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ጽፌ ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ። እስከ ዛሬ ያልመጣሁት የምለብሰው ሹመት ስለሌለኝ ነበር። አሁን የምደብቀው የለኝም። ለመስከረም ትኬት ቀብድ ከፍያለሁ። ለምዝገባሽ እደርሳለሁ፤ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ፣ ከፈለግሽ ግን ከኋላሽ እከተላለሁ።

አጎትሽ

ሰኔ 25

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን አሉ? ወገብዎስ? እናቴ ሙቅ ውሃ ይያዝበት ብላለች።

አሥራ ስምንት ቀን መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ምን እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው። መልእክተኛዎ መንገድ ላይ ዘመድ ዘንድ አርፎ ነበር። ወረቀቱ የደረሰኝ ቅጹ ከተዘጋ ከሳምንት በኋላ ነው፤ የግንቦት 29 ደብዳቤዬም እስካሁን ደርሶዎት ይሆናል። ምን እንደፈረምን ያውቃሉ።

ተናድጄብዎታለሁ ጋሼ። ያን ያህል አነስተኛ ደመወዝ ሙሉ ድጋፍ ያሰጠኝ ነበር፤ ምንም መዋሸት ሳያስፈልገን። ደብዳቤዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የአንሶላው ጋ ስደርስ መኪናዋን አቆመች። «ታዲያ ምን አለበት?» አለች። «እኔስ የሰው ሱሪ አይደል የማሳጥረው? እሱ ያጥባል፣ እኔ እሰፋለሁ። ለዚህ ነው አሥራ አንድ ዓመት ያስለቀሰኝ?» ከዚያ መኪናዋን አስነስታ እስከ ማታ ሰፋች።

ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ። ሙሉ ድጋፍ አግኝቻለሁ። ስሜን ግድግዳው ላይ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከስሜ ሥር በትንሽ ፊደል «ምክንያት፦ አባት የጠፋባት» ይላል።

አሁን የሚከብደውን ልንገርዎ። በየመንፈቁ የኮሌጁ አጣሪ ቤታችን እየመጣ ይጠይቃል፤ ጎረቤትም ይጠይቃል። ጠፋ የተባለው ሰው ከተገኘ ድጋፉ ይቆማል፣ የፈረሙትም ይከሰሳሉ። መጀመሪያ የምትጠየቀው እናቴ ናት። ባለፈው ሰኞ ወረቀትዎን ይዤ ሁሉንም ልናገር ሄድኩ። ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ወጣሁ። ማክሰኞም ሄድኩ፤ ያን ቀን በሩ ላይ ነው የተመለስኩት። ቤት ስገባ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ «ኧረ በፈጠረሽ አንድ ቦታ ሁኚ» ትለኛለች።

ምዝገባው መስከረም 8 ነው። እርስዎ ይምጡ። ደግሞ አይምጡ። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው። «እመጣለሁ» ካሉኝ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፣ ቦታዬንም እለቃለሁ፤ ሱሪ ማሳጠር እችላለሁ። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ፌንጣ

ሐምሌ 9

ይድረስ ለምወድሽ፤

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእህቴ።

ያንን ሰልፍ ዳግመኛ እንዳትይዢ። መስከረም 8 ሂጂና ተመዝገቢ።

ብዙ አሰብኩበት፤ አንሶላ እያጠፉ ማሰብ ይመቻል። አሥራ አንድ ዓመት የጠፋሁት ለኩራቴ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ከዚህ በኋላ አራት ዓመት ለአንቺ ብጠፋ አይከብደኝም። እሱንም ዋሸሁሽ፤ አይከብደኝም ያልኩትን እርሺው። ለእናትሽ በማን ስልክ እንደምደውል ራስሽ አስቢበት፤ የእሷ ጠረጴዛ ላይ ከእንግዲህ ድምፄ አይሰማም። አጣሪው ሲመጣ እሷን አታስዋሽያት፣ አንቺ መልሺ። ዕዳው የእኔ ነው፤ መጠየቅ ከመጣ ወረቀቱን አውጥተሽ «የዘገየው እሱ ነው» በይ።

ትናንት ትኬቱን ልመልስ ሄድኩ። ቆራጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ቀብዱን ሊመልስልኝ ምክንያት መጻፍ ነበረበት። «ሐዘን ገጥሞዎት ነው?» አለኝ።

«አይ» አልኩት፤ «ልጄ ኮሌጅ ገብታ ነው።»

ብዕሩን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ እንዲህ ሲሆን አይደል እንዴ የሚኬደው?»

ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። የሰጠኝን ተቀብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

አጎትሽ